በፌስቡክ የተነገረ የመንግሥት ቃል አገርን በሕግ ያስራልን?

የመነሻ ጽሑፍ

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማነሳው ጥያቄ ለሕግ ባለሙያዎች ብቻ የሚተው አይመስለኝም። ግንቦት 28 ቀን 2010 ዓ.ም. የያኔው ገዢ ፓርቲ የኢሕአዴግ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ኢትዮጵያ ከኤርትራ ጋር የተፈራረመችውን የአልጀርስን የሰላም ስምምነትና የድንበር ኮሚሽኑን ውሳኔ ሙሉ በሙሉ ተቀብላ ተግባራዊ እንደምታደርግ ሲያስታውቅ፣ ብዙዎቻችን መግለጫውን ያነበብነው በድርጅቱ የፌስቡክ ገጽ ላይ ነበር። ስምምነቱ ከተፈረመ 17 ዓመት፣ ኮሚሽኑ ውሳኔውን ከሰጠ ደግሞ 16 ዓመት አልፎት ነበር። ከወር በኋላ፣ ሐምሌ 2 ቀን አስመራ ላይ የተፈረመውን የሰላምና የወዳጅነት የጋራ መግለጫም የኤርትራው የማስታወቂያ ሚኒስትር አቶ የማነ ገብረመስቀል ወዲያውኑ በትዊተር ገጻቸው አሰራጩት። በዲፕሎማቲክ ደብዳቤና በጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔዎች ለዓመታት ያልተንቀሳቀሰ ጉዳይ በስልካችን መስታወት ላይ ሲንቀሳቀስ አየን።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ መንግሥት በማኅበራዊ ሚዲያ ገጹ ያወጣው ቃል ራሱን መንግሥትን በዓለም አቀፍ ሕግ ፊት ግዴታ ውስጥ ያስገባዋልን? ሁለተኛ፣ መንግሥታት በየዕለቱ የሚለጥፉት ይህ ሁሉ ጽሑፍ ውሎ አድሮ የሕጉን ይዘት ይለውጠዋልን? የራሴን አቋም ከወዲሁ ላስቀምጥ። ቃሉ የተነገረበት መንገድ ልዩነት አያመጣም፤ ልዩነት የሚያመጣው ማን፣ በምን ሥልጣን፣ ምን አስቦና ምን ያህል ግልጽ አድርጎ ተናገረ የሚለው ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ከዚህ የሚከተለው ነው፦ ሌሎች የሚናገሩትን እየተከታተለ የማይመዘግብና በጊዜው መልስ የማይሰጥ አገር፣ ሕጉ ያለ እርሱ ድምፅ ሲሠራ ቆይቶ በኋላ ተገዢ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የተሰጡትን መልሶች ከዚህ በታች በተራ ቁጥራቸው አቀርባቸዋለሁ። የጸሐፊዎቹን ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፤ ሐሳባቸውን በራሴ አነጋገር አስቀምጬ፣ የምለው ሲኖረኝ አክዬበታለሁ።

መልስ 1

የመጀመሪያው መልስ የመጣው ዓለም አቀፍ ሕግ ከሚያስተምሩ አባል ነው። ሰላምታቸውን አስቀድመው፣ ጥያቄው አዲስ ቢመስልም ፍርድ ቤት የመጀመሪያውን ክፍል ከመለሰው ግማሽ ምዕተ ዓመት እንደሆነው አስረዱ። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ፣ ፈረንሳይ በደቡብ ፓስፊክ አየር ላይ የምታካሂደውን የኑክሌር ሙከራ ተቃውመው ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ከሰሷት። ክሱ ገና ሳይወሰን፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የፈረንሳይ ባለሥልጣናት የአየር ላይ ሙከራው እንደሚቆም በተለያየ ቦታ ተናገሩ፦ የፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ፣ ፕሬዚዳንት ዢስካር ዴስታን ለጋዜጠኞች፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ፣ የመከላከያ ሚኒስትሩ ደግሞ በቴሌቪዥን። ፍርድ ቤቱ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 20 ቀን በሰጠው ፍርድ፣ እነዚህ በአደባባይ የተነገሩ ቃላት ራስን የማስገደድ ፈቃድ ያለባቸው ስለሆኑ ፈረንሳይን ያስሯታል፤ የሌላ ወገን ተቀባይነትም ሆነ ምላሽ አያስፈልግም፤ ቃሉ በጽሑፍ ይሁን በአፍ ለውጥ የለውም አለ።

መምህሩ ከዚህ የደረሱበት መደምደሚያ ቀጥተኛ ነው። የመከላከያ ሚኒስትር በቴሌቪዥን የተናገረው ከተቆጠረ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በገጹ የጻፈው የማይቆጠርበት ምክንያት የለም። በተባበሩት መንግሥታት ሥር ያለው የዓለም አቀፍ ሕግ ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2006 የአንድ ወገን መግለጫዎችን የሚመለከቱ አሥር መርሆዎችን ሲያወጣ ይህንኑ እንዳጸና ጨምረዋል። እኔም በዚህ እስማማለሁ።

መልስ 2

ሁለተኛው መልስ በዕድሜ ከገፉ አባታችን ነው፤ አባላቱ ጋሼ እያሉ የሚጠሯቸውና በውጭ ጉዳይ አገልግለው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እሳቸው ከ1974ም ወደ ኋላ ሄደው የኖርዌዩን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የኢህለንን ታሪክ አነሱ። ሚኒስትሩ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1919 ለዴንማርክ መልእክተኛ፣ ዴንማርክ በግሪንላንድ ላይ ባላት ጥያቄ የኖርዌይ መንግሥት ችግር እንደማይፈጥር በቃል መለሱ። ሁለቱ አገሮች በኋላ በምሥራቅ ግሪንላንድ ሲካሰሱ፣ የዚያ ዘመኑ ቋሚ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1933 ያ የቃል መልስ ኖርዌይን እንደሚያስራት ወሰነ። ጋሼ ታሪኩን ሲደመድሙ የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጠፋ የሚለውን የአባቶች አባባል አስታወሱና፣ ሹም የሆነ ሰው ስልኩን ሲያነሳ ይህን ማሰብ አለበት የሚል ምክር ጨመሩ። ስለ አሁኖቹ ወጣት ዲፕሎማቶች የጻፉትም ነበር፤ ከጉዳዩ ስለሚያርቀን አልፌዋለሁ።

መልስ 3

እዚህ ላይ የውይይት ክሩ ድምፅ ጠንከር አለ። ሦስተኛው መልስ ሰጪ ጥያቄውን ያቀረብኩበትን መንገድ ተችተዋል። ፓርቲ መንግሥት አይደለም የሚል ነው ነጥባቸው። የዓለም አቀፍ ሕግ ኮሚሽኑ አራተኛ መርህ አገርን በቃላቸው ማሰር የሚችሉት የአገር መሪ፣ የመንግሥት መሪና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ ከእነሱም ሌላ በየሥራ መስካቸው ሥልጣን የተሰጣቸው ሰዎች እንደሆኑ ሲደነግግ፣ የፓርቲ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። በፓርቲ ገጽ የወጣን ጽሑፍ የኢትዮጵያ ቃል አድርጎ ማቅረብ፣ ፓርቲንና መንግሥትን አንድ አድርጎ የማየት የቆየ ልማዳችን ነው ሲሉ ወቅሰዋል።

ወቀሳው ከባድ ነው፣ መሠረትም አለው። ሆኖም የኮሚቴው ሊቀ መንበር በዚያው ጊዜ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር እንደነበሩና መግለጫው የሚናገረው ስለ አገር ግዴታ እንጂ ስለ ፓርቲ ፕሮግራም እንዳልነበረ መዘንጋት የለበትም። ምሳሌውን የመረጥኩትም ይህ ድንበር የደበዘዘበት ቦታ ስለሆነ ነው።

መልስ 4

ከሁሉም ይልቅ ያስተማረኝ ይህ መልስ ነው። ጸሐፊዋ የሕግ ተመራማሪ ናቸው። በመጀመሪያ፣ ስለ ፌስቡኩ መግለጫ የምንከራከረው ሌላ ሰነድ እንደሌለ አድርገን ነው አሉ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. የተፈረመው የአልጀርስ ስምምነት በአንቀጽ 4 ንዑስ አንቀጽ 15 የድንበር ኮሚሽኑ ውሳኔ የመጨረሻና አስገዳጅ እንደሚሆን ሁለቱም ወገኖች ተስማምተው አስቀምጠዋል። ስለዚህ በ2010 ዓ.ም. የተለጠፈው ጽሑፍ ያልነበረ ግዴታ አልፈጠረም፤ ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. ከተሰጠው ውሳኔ ጀምሮ የነበረውን አንፈጽምም ከማለት ወደ እንፈጽማለን ማለት መለሰው እንጂ።

ቀጥለው ከአፍሪካ ምሳሌ አመጡ። እ.ኤ.አ. በ1975 የማሊው ፕሬዚዳንት ሙሳ ትራኦሬ ለፈረንሳይ የዜና ወኪል በሰጡት ቃለ ምልልስ፣ ከያኔዋ ላይኛው ቮልታ (ከዛሬዋ ቡርኪና ፋሶ) ጋር ባለው የድንበር ክርክር አገራቸው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን የሽምግልና ኮሚሽን ውሳኔ እንደምትቀበል ተናግረው ነበር። ጉዳዩ ሄግ ወዳለው ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ሲደርስ፣ የፍርድ ቤቱ ችሎት እ.ኤ.አ. በ1986 ያ ንግግር ማሊን አያስራትም አለ። ምክንያቱም ከፈረንሳይ የኑክሌር ጉዳይ ይለያል፦ ፈረንሳይ ቃሏን የሰጠችው ለመላው ዓለም ስለነበር ከእያንዳንዱ አገር ጋር ስምምነት መፈረም አትችልም፤ ማሊና ጎረቤቷ ግን ተቀምጠው መደበኛ ስምምነት እንዳይፈርሙ የሚከለክላቸው አልነበረም። መፈረም ሲቻል በጋዜጣ ቃል ላይ መታመን አይገባም ማለት ነው።

ይህን ወደ እኛ ጉዳይ ስናመጣው ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ኢትዮጵያና ኤርትራ መፈረም ይችሉ ነበር፤ ፈረሙም። የአስመራው የጋራ መግለጫ አራተኛ ነጥብ የድንበሩ ውሳኔ ተግባራዊ እንደሚሆን ይናገራል። ሕግ የሚፈለገው እዚያ ሰነድ ላይ እንጂ በገጹ ላይ አይደለም። ከተመራማሪዋ የምለይበት ነጥብ አንድ ነው። አዲስ ግዴታ የማይፈጥር ጽሑፍ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ኒካራጓ አሜሪካን በከሰሰችበት ጉዳይ ይኸው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1986 እንዳለው፣ ከፍተኛ ባለሥልጣናት የራሳቸውን አገር የማይጠቅም ነገር አምነው ሲናገሩ ቃላቸው ልዩ የማስረጃ ክብደት ይሰጠዋል። ውሳኔውን ያለ ቅድመ ሁኔታ እንቀበላለን ያለ ወገን ከዚያ በኋላ ውሳኔው ጉድለት ነበረበት ብሎ ለመከራከር ይቸገራል።

መልስ 5

አንድ ተማሪ በትሕትና ልማዳዊ ዓለም አቀፍ ሕግ ምን እንደሆነ እንዲብራራለት ጠየቀ። ሌሎች አባላት ጥያቄውን አልፈውት ሄደው ነበር።

መልስ 6

ተማሪውን ያልዘነጉት ጄኔቫ የሚሠሩ እህታችን ናቸው። መንግሥታት በአብዛኛው በተመሳሳይ መንገድ ሲሠሩና እንዲያ የሚሠሩትም ሕግ ነው ብለው በማመን ሲሆን፣ ያ አሠራር በውል ሳይጻፍ ሕግ ይሆናል ብለው አስረዱት። የዓለም አቀፍ ሕግ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ባጸደቃቸው 16 ድምዳሜዎች የመንግሥት ተግባር በቃልም ሊገለጽ እንደሚችል፣ በመንግሥት ስም የሚሰጡ የአደባባይ መግለጫዎችም የዚያ እምነት ማስረጃ እንደሚሆኑ አስቀምጧል። የማኅበራዊ ሚዲያ ጽሑፍ የሚገባው በዚህ በር ነው።

ከዚያም እ.ኤ.አ. የጃንዋሪ 2020ን መጀመሪያ ቀናት እንደ ምሳሌ ወሰዱ። አሜሪካ የኢራኑን ጄኔራል ቃሲም ሱለይማኒን ባግዳድ ላይ ከገደለች በኋላ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ኢራን ብትመልስ የሚመቱ 52 ቦታዎች እንዳሉና ጥቂቶቹ ለኢራን ባህል ከፍ ያለ ትርጉም እንዳላቸው በትዊተር ጻፉ፤ በማግሥቱም እነዚህ ጽሑፎች ለአሜሪካ ምክር ቤት (ለኮንግረስ) እንደ ማሳወቂያ እንዲቆጠሩ የሚል ጨመሩ። ጃንዋሪ 8 ቀን ኢራን ኢራቅ ውስጥ ያለውን የዓይን አል አሰድ የጦር ሰፈር በሚሳይል ስትመታ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጃቫድ ዛሪፍ በዚያው በትዊተር፣ አገራቸው በተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 51 መሠረት ተመጣጣኝ የሆነ ራስን የመከላከል እርምጃ ወስዳ እንዳጠናቀቀች አስታወቁ።

እህታችን ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አስቀምጠው መረመሯቸው። የዛሪፍ ጽሑፍ አጭር ይሁን እንጂ የሕግ ምክንያት አለበት፦ አንቀጹን ይጠቅሳል፣ ተመጣጣኝነትን ያነሳል፣ እርምጃው እንዳበቃም ይናገራል። አንቀጽ 51 ግን እርምጃው ወዲያውኑ ለጸጥታው ምክር ቤት እንዲገለጽ ያዛል፤ ኢራንም በዚያው ቀን ደብዳቤ ላከች። ጽሑፉ ደብዳቤውን አልተካውም፣ ቀደመው እንጂ። በባህል ቦታዎቹ ላይ የተሰነዘረው ዛቻ ደግሞ በተቃራኒው ሠራ። የባህል ቅርስን በጦርነት ጊዜ የሚጠብቀው የ1954ቱ የሄግ ስምምነት አሜሪካንም ኢራንንም ያስራል። ከየአቅጣጫው ተቃውሞ ሲነሳ የአሜሪካው የመከላከያ ሚኒስትር ማርክ ኤስፐር የጦርነትን ሕግ እንደሚያከብሩ አስታወቁ፣ ፕሬዚዳንቱም ሕጉ የሚለው ይህ ከሆነ እንደሚያከብሩት ተናገሩ። ከዚህ በመነሳት፣ ሕግን የሚጥስ ጽሑፍ ሌሎች ዝም ካላሉት ሕጉን ሊያጠነክረው ይችላል የሚል አሳብ አቀረቡ። እኔ በዚህ አሳብ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ዝም ካላሉት የሚለው ቅድመ ሁኔታ ይመስለኛል።

መልስ 7

ሪያድ ከሚኖሩ ወንድማችን የመጣው መልስ ከሕግ መጽሐፍ ወደ ኑሮ አወረደን። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2018 የካናዳ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በሳዑዲ የታሰሩ የሰብአዊ መብት ተሟጋቾች በአስቸኳይ እንዲፈቱ በትዊተር ጠየቀ፤ ሪያድ ያለው ኤምባሲም ጥሪውን በዐረብኛ ለጠፈው። ሳዑዲ ነገሩን በውስጥ ጉዳይ ጣልቃ እንደመግባት ቆጥራ የካናዳን አምባሳደር አባረረች፣ አዲስ የንግድ ግንኙነት አቆመች፣ አየር መንገዷ ወደ ቶሮንቶ መብረር እንዲተው፣ ተማሪዎቿም ካናዳን ለቀው እንዲወጡ አዘዘች። ወንድማችን ያኔ በሒሳብ ክፍል ውስጥ አብሯቸው የሚሠራ ሳዑዲያዊ ልጁን ቶሮንቶ ሕክምና ያስተምር ስለነበር፣ ጠዋት ቢሮ ሲገባ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ የልጁን የቤት ኪራይ ውልና የትምህርት ክፍያ ደረሰኝ እያገላበጠ፣ ሻይው ቀዝቅዞ ሳይነካው እንደዋለ ጽፈዋል። ሁለቱ አገሮች አምባሳደር ለመለዋወጥ የተስማሙት በሜይ 2023 ነው።

የሕግ ነጥባቸውም ጥሩ ነበር። በኤምባሲ በኩል በደብዳቤ ቢላክ ኖሮ ይኸው ጥያቄ የተለመደ የዲፕሎማሲ ተቃውሞ ይባል ነበር። በሕዝብ ፊት፣ በአገሬው ቋንቋ ሲነገር ግን ተቀባዩ እንደ ድፍረት ወሰደው። በኒካራጓው ፍርድ ጣልቃ ገብነት የተከለከለ የሚሆነው ማስገደድ ሲኖርበት እንደሆነ ተቀምጧል፤ ጥሪ ብቻውን ማስገደድ ሊባል አይችልም። ሳዑዲ በሕጉ ልክ ነበረች አልነበረችም በሚለው ላይ እኔ ከካናዳ ወገን ነኝ፤ ወንድማችን ግን በሚኖሩበት አገር ሁኔታ ይመስለኛል፣ ፍርዱን ለአንባቢ ትተውታል።

መልስ 8፣ 9 እና 10

እነዚህን ሦስቱን በአንድ ላይ የማቀርባቸው እርስ በርሳቸው የተጋጩ ስለሆኑ ነው። ስምንተኛው መልስ ሰጪ፣ ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26 ቀን 2024 ደቡብ አፍሪካ እስራኤልን በዘር ማጥፋት በከሰሰችበት ጉዳይ በሰጠው ጊዜያዊ ትእዛዝ፣ በኦክቶበር 13 ቀን 2023 የኢነርጂ ሚኒስትር የነበሩት እስራኤል ካትዝ በኤክስ (በቀድሞው ትዊተር) ላይ የጻፉትን ቃል በቃል እንደጠቀሰ አመለከቱ። ጽሑፉ የጋዛ ሲቪሎች በሙሉ ወዲያው እንዲወጡ መታዘዛቸውን፣ ውኃም ሆነ ባትሪ እንደማያገኙ የሚናገር ነው። በሦስት ወር ውስጥ ከስልክ ወደ ሄግ ትእዛዝ የገባ ጽሑፍ በመሆኑ፣ ለእኛ ጥያቄ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ የለም አሉ።

ዘጠነኛው መልስ ከእስራኤል ከሚጽፉ ወገናችን ነው፣ ቁጣ ነበረበት። ሐማስ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 7 ቀን 2023 ካደረሰው ጥቃት በኋላ ባሉት ቀናት በሐዘንና በንዴት የተጻፈን ነገር ከዐውዱ ነጥሎ የመንግሥት ፖሊሲ ማስመሰል ፍትሕ አይደለም፤ የአንድ ሚኒስትር ጽሑፍ የጦር ካቢኔ ውሳኔ አይደለም፤ እስራኤልም ክሱን ፈጽማ አትቀበለውም ሲሉ ተከራከሩ። አሥረኛው ደግሞ ለዚህ የሰጡት ምላሽ ከጉዳዩ ወጥቶ ወደ ግለሰቡ ሄደ፤ የተጻፈውን መድገም አልፈልግም።

ሕጉን ብቻ ስንመለከት ከሁለቱም ወገን የሚያዝ አለ። ፍርድ ቤቱ ጽሑፉን የጠቀሰው ደቡብ አፍሪካ እንዲጠበቁ የጠየቀቻቸው መብቶች ቢያንስ አሳማኝ ናቸው ወይ የሚለውን ሲመረምር ነው፤ የመጨረሻ ፍርድ አልሰጠበትም። በሌላ በኩል ግን ሆን ተብሎ በነበረ ሐሳብ ላይ የሚቆም ክስ ሲኖር የሚኒስትር ጽሑፍ መመርመሩ አይቀርም፤ በግል ስሜት ነው የጻፍኩት ማለትም ብቻውን አያድንም። እዚህ ላይ ጽሑፉ የሚሠራው ሥራ ከፈረንሳይ ቃል የተለየ መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። ያኛው ግዴታን የፈጠረ ቃል ኪዳን ነበር፤ ይህኛው ሐሳብን ለማሳየት የቀረበ ማስረጃ ነው።

መልስ 11

የመድረኩ አስተባባሪ ገብተው አሥረኛውን መልስ አነሱት፣ ሁለቱንም ወገኖች በጨዋ ቃል ገሠጹ። ውይይቱን ወደ መስመሩ ለመመለስ አንድ ሌላ ገጽታ አከሉ፦ አንዳንድ ጊዜ መለጠፉ ራሱ ጥሰት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2022 የዩክሬን ባለሥልጣናት የተማረኩ የሩሲያ ወታደሮችን ምስል በማኅበራዊ ሚዲያ ሲያሰራጩ፣ ምርኮኞች ከስድብና ከሕዝብ መመልከቻነት እንዲጠበቁ የሚያዘው የሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት አንቀጽ 13 ተነሣ። ስምምነቱ እ.ኤ.አ. በ1949 ሲጻፍ የቴሌግራም መተግበሪያ አልነበረም፤ አንቀጹ ግን ምንም ሳይጨመርበት ሠራ።

መልስ 12

አንዲት አባል ቀድሞ በአንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ይሠሩ ነበር፤ መሥሪያ ቤቱን አልጠቀሱም። መግለጫ እንዴት እንደሚወጣ የጻፉት ለዚህ ክር ትልቅ ዋጋ አለው። ቀድሞ መግለጫ በአርማ ወረቀት ላይ ተጽፎ፣ ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት፣ በኃላፊው ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመቶበት፣ ቅጂው መዝገብ ቤት ከፋይል ጋር ተያይዞ ይቀመጥ ነበር። በኋላ ግን ረቂቁ በቴሌግራም ቡድን ውስጥ ይላካል፤ አንዱ ፊደል ያርማል፣ ሌላው አንቀጽ ይቆርጣል፣ ኃላፊው ከመኪና ውስጥ በድምፅ መልእክት ይሁን ይላሉ፣ ጽሑፉም ይለጠፋል። አንድ ቀን አንድ ሥራ በዚህ ወር ይጠናቀቃል የሚል መግለጫ ወጥቶ፣ ጥቂት ቆይቶ ወሩ ከጽሑፉ ውስጥ ወጣ። የውጭ ኤምባሲ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ስክሪንሾት ይዞ ደውሎ የትኛውን እንመን ብሎ ሲጠይቅ፣ በመዝገብ ቤት የትኛውም አልነበረም።

የዓለም አቀፍ ሕግ ኮሚሽኑ ሰባተኛ መርህ አንድ መግለጫ የሚያስረው ግልጽና የተወሰነ ሲሆን ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ኮንጎ ሩዋንዳን በከሰሰችበት ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2006 የሩዋንዳ የፍትሕ ሚኒስትር ንግግር አገራቸውን ያላሰረበት አንዱ ምክንያት፣ አገሪቱ በስምምነቶች ላይ ያስመዘገበችውን ተዓቅቦ (ይህ አንቀጽ አይገዛኝም የሚል ማሳሰቢያ) በቅርቡ እናነሳለን ከማለት በቀር የጊዜ ገደብ ስላልነበረው ነው። እንግዲህ ከቴሌግራም ቡድኑ የወጣችው ያቺ ወር በሄግ ፊት ትልቅ ነገር ነበረች ማለት ነው። የመጀመሪያው ጽሑፍ ግዴታ ሊሆን የሚችል ነበር፤ ሁለተኛው አይደለም። አገሪቱ ግን የትኛውን እንደተናገረች ራሷ ማሳየት አትችልም።

መልስ 13

ስለ ሐሰተኛ ገጾች፣ በኤክስ ላይ በገንዘብ ስለሚገኘው ሰማያዊ ምልክትና ስለ መንግሥታት ግራጫ ምልክት የተጻፈ ረዥም መልስ ነው። ጠቃሚ ቢሆንም የቴክኒክ ምክር ስለሚበዛበት አልዘረዝረውም።

መልስ 14

አዲስ አበባ በጥብቅና የሚሠሩ አባል የሶማሌላንድን ጉዳይ አነሱ። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ መፈረሟ በማኅበራዊ ሚዲያ ተበሠረ፤ ጽሑፉ ግን ለሕዝብ አልቀረበም። ከሃርጌሳ ወገን ኢትዮጵያ ዕውቅና ልትሰጥ ነው ተባለ፤ ከአዲስ አበባ ደግሞ የመንግሥት ኮሙኒኬሽን አገልግሎት ሶማሌላንድ ዕውቅና ለማግኘት የምታደርገውን ጥረት በጥልቀት ተመልክቶ አቋም ስለመውሰድ የሚናገር መግለጫ አወጣ። በሳምንቱ ውስጥ የሶማሊያው ፕሬዚዳንት ሐሰን ሼክ ማሕሙድ ሰነዱን ውድቅ የሚያደርግ ሕግ መፈረማቸውን በኤክስ ገጻቸው አሳወቁ። የሰነዱን ቃል ማንም ሳያይ ሦስት ወገኖች በየገጻቸው ተከራከሩበት።

ጠበቃው እንዳሉት፣ በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 12 መሠረት አስፈጻሚው የሚዋዋላቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ሥርዓቱም በአዋጅ ቁጥር 1024/2009 ተዘርዝሯል። በገጽ መበሠር ከዚህ አያድንም። ጋሼ ግን ተመልሰው ገብተው፣ ዕውቅና መስጠት የመንግሥታት የአንድ ወገን ተግባር እንጂ የግድ ስምምነት እንዳልሆነ አስታወሱ። አሜሪካ በጎላን ተራሮች ላይ የእስራኤልን ሉዓላዊነት የምታውቅበት ጊዜ እንደደረሰ ፕሬዚዳንቷ እ.ኤ.አ. ማርች 21 ቀን 2019 በትዊተር ተናግረው፣ ፊርማው የመጣው ከአራት ቀን በኋላ ነው። ጠበቃው የእርስዎን ልምድ አከብራለሁ ብለው ሲያበቁ፣ ያ ዕውቅና የጸጥታው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1981 ያጸደቀውን ውሳኔ ቁጥር 497 እንዳልሻረውና ብዙ አገሮች እንደተቃወሙት አመለከቱ። ሁለቱ የተለያዩት ተከባብረው ነው።

መልስ 15

ከዋሽንግተን የመጣው መልስ እኔ መጀመሪያ ላይ ያነሳሁትን ጭንቀት በትክክል ይዞታል። የዓለም አቀፍ ሕግ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ካጸደቃቸው ድምዳሜዎች አሥረኛው፣ መንግሥታት ለአንድ አሠራር ለረዥም ጊዜ መልስ ሳይሰጡ ሲቀሩ፣ መመለስ የሚችሉ ከነበሩና ሁኔታው መልስ የሚጠይቅ ከነበረ፣ ዝምታቸው አሠራሩን እንደ ሕግ የመቀበል ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል ይናገራል። በድሮው ዘመን ሩቅ ያለ መንግሥት አልሰማሁም ማለት ይችል ነበር። ዛሬ ጽሑፉ በሰከንድ ስለሚዳረስ፣ መልስ መስጠት አልቻልኩም የሚለው መከላከያ እየደከመ ይሄዳል። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የአገሪቱን የዓለም አቀፍ ሕግ አሠራር የሚሰበስብ መድበል በየዓመቱ ያወጣል። እንዲህ ያለ መድበል የሌለው አገር ምን እንዳለና ምን እንደተቃወመ በማስረጃ ማቅረብ አይችልም፤ ልማዳዊ ሕጉም መድበል ባላቸው አገሮች ድምፅ ይሞላል።

መልስ 16

ለዚህ የተሰጠው ተቃውሞ ስለት ያለው ነበር። በየቀኑ ለሚለጠፈው ሁሉ መልስ እንስጥ ከተባለ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሌላ ሥራ ሊኖረው ነው ወይ? ኃያላኑ የፈለጉትን ጽፈው ሲያድሩ የእኛ ተቃውሞ ማንን ያግዳል? ውጭ አገር ተቀምጦ ለአዲስ አበባ የሥራ ዝርዝር ማውጣት ቀላል ነው ሲሉ ደመደሙ።

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ባይጨመር ይሻል ነበር። ጥያቄው ግን መልስ የሚገባው ነው። ድምዳሜው ሁኔታው መልስ የሚጠይቅ ከሆነ የሚል ቃል ያስገባው ስለዚህ ነው፤ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ መልስ አይጠበቅም። ስለ ድንበራችን፣ ስለ ወንዛችን፣ ስለ ባሕር መተላለፊያና ስለ ዜጎቻችን ሌላ መንግሥት የሕግ አቋም ይዞ ሲጽፍ ግን አጭር ደብዳቤ መላክና ቅጂውን ማስቀመጥ ከአቅም በላይ አይደለም። ተቃውሞው ኃያሉን ባያግደው እንኳ በኋላ ሁሉም ተስማምቷል እንዳይል ያደርገዋል።

መልስ 17

የመጨረሻው መልስ መጀመሪያ ከጻፉት መምህር ነው። አንድ አባል በመካከል የተሰረዘ ጽሑፍስ እንዴት ይታያል ብሎ ጠይቆ ነበር፤ መምህሩ ያን አነሱ። የዓለም አቀፍ ሕግ ኮሚሽኑ አሥረኛ መርህ ግዴታ የፈጠረ መግለጫ በዘፈቀደ እንደማይሻር ይደነግጋል። ዘፈቀደ መሆን አለመሆኑ የሚታየው በመግለጫው ውስጥ ስለ መሻር የተቀመጠ ነገር ካለ፣ ቃሉ የተሰጣቸው ወገኖች ምን ያህል ተማምነውበት እንደሠሩና ሁኔታው ከመሠረቱ ተለውጦ እንደሆነ ነው። ስለዚህ ጽሑፉን ከገጽ ላይ መሰረዝ ቃሉን መሻር አይደለም፤ ሌላው አገር ቃሉን አምኖ መንገድ ከሠራ፣ ጦሩን ካነሳ ወይም ገንዘብ ካወጣ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ተማምኜበት ነበር የሚል ወገን መቼ እንዳነበበው፣ የትኛውን ቅጂ እንዳነበበውና በዚያ ምክንያት ምን እንዳደረገ ማስረዳት ይጠበቅበታል። መልስ 12ን የጻፉት እህታችን ስለ መዝገብ ቤት ያነሱት ጉዳይ ለተናጋሪው ብቻ ሳይሆን ለሰሚውም እኩል ያስፈልጋል። እህታችን የጽሑፍን የመጀመሪያ ቅጂ ከሰዓቱ ጋር ለማስቀመጥ ያገለግሉ የነበረውን አሠራር ሰፋ አድርገው እንዲጽፉልን ጠይቄያቸው ተስማምተዋል፤ ሌላ ክር እንከፍትበታለን።